በ1850 ከሊቨርፑል ተነሥቶ ዩታ የታየው በ1860፤ ስኮትላንዳዊው ሞርሞን ዐሥር ዓመት የት ከረመ?

ዳና ፈላጊ

ሰላም ለቤቱ። የአንድ ስኮትላንዳዊ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ ነው፤ ዘሮቹ በሕይወት ስላሉ ስሙን ልተወው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እስካሁን የያዝኩትን ላስቀምጥ።

ዘሮቹ ያሳተሟት ቀጭን መጽሐፍ በ1817 ላናርክሻየር ውስጥ ተወለደ ትላለች። የ1841 የስኮትላንድ የሕዝብ ቆጠራ ግን ዕድሜውን 20 ይለዋል፤ ሲቀነስ 1821 ይመጣል። በ1847 ሞርሞን ሆኖ ተጠመቀ (ሞርሞኖች ያን ጊዜ «ጽዮን» ወደሚሏት ወደ ዩታ የሚፈልሱ የአንዲት አሜሪካ የተመሠረተች ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው)። በ1850 መጀመሪያ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ሊቨርፑል ላይ ተሳፍሮ ኒው ኦርሊንስ ወርዷል፤ የመርከቡ ዝርዝር ላይ አራቱም አሉ። ከዚያ ዱካው ይጠፋል። ዳግም ብቅ የሚለው በ1860 የአሜሪካ ቆጠራ፣ ዩታ ግዛት፣ ዌልስቪል የምትባል መንደር ውስጥ ነው። ሥራው ገበሬ፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሴቶችና አምስት ልጆች። እኔ ያገኘሁት ግን ስም፣ ዕድሜና ሥራ ብቻ የተገለበጠበትን ዝርዝር ነው።

መጽሐፏ ክፍተቱን የምትሞላው «በ1856 ከዊሊ ቅፍለት ጋር የእጅ ጋሪ እየጎተተ፣ በበረዶ ውስጥ አልፎ ጽዮን ገባ» በማለት ነው። ቅፍለት አብሮ የሚጓዝ ቡድን ነው፤ በመሪው ስም ይጠራል። እኔ ደግሞ በዊሊ ተጓዦች ዝርዝር ውስጥ አጣሁት።

የዕድሜው ልዩነት ስሕተት ነው? ዐሥር ዓመት መንገድ ላይ መቅረትስ ያለ ነገር ነው? የእጅ ጋሪውን ታሪክ ልመነው ወይስ ላውጣው? በበሬ ሠረገላ ከሄደ ስንቁና ጭነቱ ምን ያህል ነበር ብዬ ልጻፍ? በመጨረሻ፣ መጽሐፏ «ኤጲስ ቆጶሱ መሬት ሰጠው፣ ሁለተኛም ሚስት አጋባው» ትላለች። ይህ በአማርኛ እንዳለ ቢገባ አንባቢው ሌላ ነገር እንዳይረዳ ፈራሁ።

ገጽ_ገላጭ

ዕድሜው አልተጋጨም። በ1841 ቆጣሪዎቹ የታዘዙት ከ15 ዓመት በላይ የሆነን ሰው ዕድሜ በአምስት ወደሚካፈለው ቁጥር፣ ወደ ታች ዝቅ አድርገው እንዲጽፉ ነው። «20» ማለት ከ20 እስከ 24 ያለ ሁሉ ነው። የቆጠራው ቀን ጁን 6 ስለነበር በ1817 የተወለደ ሰው ያን ዕለት 23 ወይም 24 ነበር፤ ሁለቱም 20 ተብለው ይጻፋሉ። ያው ቆጠራ የትውልድ ቦታን የሚጠይቀው «በዚሁ ካውንቲ ነው ወይስ አይደለም» ብሎ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ አትጠብቅበት።

ልደቱን በአጥቢያ መዝገብ ካጣኸው አትደንግጥ። መዝገቡ የመንግሥቲቱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከከሰል ቆፋሪዎቹና ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከእሷ ተገንጥለው በወጡ ማኅበራት ውስጥ ስለነበሩ ልጆቻቸው እዚያ አይገኙም። የመንግሥት የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ስለሆነ እሱን አልደረሰበትም። አገር ቤት የቀሩ ወንድምና እህቶቹን ግን ይደርስባቸዋል። ከ1855 ወዲህ ስኮትላንድ ውስጥ የሞተ ሰው የሞት መዝገብ የአባቱን ስምና የእናቱን የራሷን የቤተሰብ ስም ይይዛል። ስለዚህ የእሱን እናት የምታገኛት በወንድሙ ሞት በኩል ነው። በተለይ በ1855 የወለደ ወንድም ወይም እህት ካለው ዕድለኛ ነህ፤ የዚያ አንድ ዓመት የልደት ቅጽ የወላጆቹን ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የተጋቡበትን ቀንና ቦታ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱትን ልጆች ብዛት ሳይቀር ይጠይቅ ነበር። ለመዝጋቢዎቹ ስለከበዳቸው በሚቀጥለው ዓመት ቀነሱት።

ወደ ዐሥሩ ዓመት ስንመጣ፣ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲያውም ባሕሩን በተሻገረ በዚያው ዓመት ዩታ የገባ ድሃ ስኮትላንዳዊ ስታይ ነው ገንዘቡን ማን ሰጠው ብለህ መጠየቅ ያለብህ። ከባሕሩ ይልቅ የሚወደደው የየብሱ መንገድ ነበር። በሬ፣ ሠረገላና የሦስት ወር ስንቅ የሚገዛው አሜሪካ ከደረሱ በኋላ ነው፤ እጁ ላይ ምንም ያልቀረ ሰው እዚያው ሥራ ፈልጎ ያጠራቅማል። በኋላ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ አመራር አባል የሆነው ቻርልስ ኒብሊ ከስኮትላንድ የወጣው በ1855 በልጅነቱ ነው፤ ቤተሰቡ ሮድ አይላንድ ውስጥ ሠርቶ ዩታ የገባው በ1860። በሰሜን ስኮትላንድ ካለችው ከተርሶ የተነሣው የማኬይ ቤተሰብም በ1856 ተሻግሮ ዩታ የደረሰው በ1859 ነው፤ ከዚያ ቤተሰብ ነው በኋላ የቤተ ክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት የሆነው ዴቪድ ኦ. ማኬይ የተወለደው።

ያንተ ሰውዬ ከሰል ቆፋሪ ነው፤ በኒው ኦርሊንስ በኩል ገብቷል። ከዚያ ሚሲሲፒን በእንፋሎት ጀልባ ሽቅብ ይወጣና ሴንት ሉዊስ ይወርዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ ግራቮይ የሚባል የከሰል መቆፈሪያ ነበር፤ እዚያ የእንግሊዝ፣ የዌልስና የስኮትላንድ ሞርሞን ቆፋሪዎች ይሠሩ ነበር። መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው። ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርገው።

የ1860ውን ቆጠራ የተገለበጠውን ሳይሆን የዋናውን ገጽ ምስል ክፈት፤ የእያንዳንዱ ሰው የትውልድ ቦታ የሚጻፍበት ዓምድ አለው። ሚዙሪ ወይም ኢሊኖይ የተወለደው የመጨረሻ ልጅ ቤተሰቡ እስከ መቼ እንዳልተነሣ ይነግርሃል፤ ዩታ የተወለደው የመጀመሪያው ልጅ ደግሞ ከመቼ በፊት እንደደረሰ። ቀጥሎ የ1850ውን የአሜሪካ ቆጠራ የሴንት ሉዊስ ካውንቲ ገጾች እይ። ቆጠራው የተያዘው በጁን 1 ሁኔታ ነው፤ በጸደይ የወረደ ሰው መገኘት አለበት። የስሙን ፊደል አትመን፤ ቆጣሪው በስኮትላንድ አነጋገር የሰማውን ነው የጻፈው። በዕድሜና በልጆቹ ስም ቅደም ተከተል ፈልገው። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኗ የሴንት ሉዊስ ቅርንጫፍ መዝገብ አለ፤ ማን ከየት መጣ፣ ማን ወደ የት ሄደ ይላል።

የ1856 የዩታ ግዛት ቆጠራ ላይ ስሙን ብታገኝ ግን ለብቻው ማስረጃ አታድርገው። ግዛቲቱ ክፍለ ሀገር ለመሆን ስትል ቁጥሩን አብዝታ ስለነበር የሞተውም፣ የሄደውም፣ ሁለት ጊዜ የተቆጠረውም አብሮ አለበት።

የእጅ ጋሪው ደግሞ እንደ እኔ ይውጣ። የዊሊ ቅፍለት ሰዎች በአብዛኛው በሜይ 4 ቀን 1856 ከሊቨርፑል በተነሣችው «ቶርንተን» መርከብ፣ 764 ሆነው የመጡ ናቸው። ከኒው ዮርክ በባቡር አዮዋ ሲቲ ደርሰው እዚያ ጋሪ ተሰጣቸው። ስድስት ዓመት ሚዙሪ የከረመ ቆፋሪ አዮዋ ሲቲ ድረስ ወጥቶ ከእነሱ ጋር የሚሰለፍበት ምክንያት አይታየኝም። ከ1856 እስከ 1860 ዐሥር የእጅ ጋሪ ቅፍለቶች ነበሩ፤ ሁሉም ተደምረው ወደ 3,000 ሰው። ባቡሩ በ1869 እስኪገባ ድረስ በዚያ መንገድ የሄዱት ሞርሞኖች ግን ከ60,000 በላይ ናቸው። የቤተሰብ ትውፊት ብትሰማ ሁሉም ጋሪ ጎትቷል።

ቀንበር

የስንቁን ልመልስ። በዘመኑ ያለው ከሁሉ ጥሩ ዝርዝር የ1853ቱ ነው። በዚያ ዓመት ከሊቨርፑል ዩታ ውስጥ እስካለችው ሶልት ሌክ ከተማ በአንድ ሰው 10 ፓውንድ ስተርሊንግ የሚባል ዕቅድ ወጥቶ ነበር (አልበቃም፤ በሚቀጥለው ዓመት 13 ሆነ)። ለዐሥር ሰው የተመደበው አንድ ሠረገላ፣ አንድ ድንኳን፣ 2 ጥማድ በሬና 2 ላም ነው። ገንዘቡም ሚዛኑም «ፓውንድ» ስለሚባል እንዳያምታታ ሚዛኑን በኪሎ እጽፈዋለሁ። ዱቄት 454 ኪሎ፤ ስኳር፣ የጨው አሳማ ሥጋና ሩዝ እያንዳንዳቸው ወደ 23 ኪሎ፤ ባቄላ 14፤ የደረቀ ፖምና ኮክ 9፤ ጨው 11፤ ሻይ 2 ኪሎ ከምናምን፤ ኮምጣጤ አንድ ጋሎን፤ ሳሙና 10 ሙዳ።

ዱቄቱን ለዐሥር አካፍለው፤ ለአንድ ሰው 45 ኪሎ ይደርሳል። የቀን ድርሻው አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ነበር፤ የመቶ ቀን እንጀራ ማለት ነው። ከሚዙሪ ወንዝ ዳር ከምትገኘው ፍሎረንስ እስከ ሶልት ሌክ 1,660 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን 20 ኪሎ ሜትር ከተሄደ 83 ቀን ይፈጃል፤ 17 ቀን ይተርፋል። በቀን 16 ከሆነ 104 ቀን፣ ዱቄቱ አራት ቀን ቀድሞ ያልቃል። አንድ ሳምንት ዝናብ፣ የጠፉ በሬዎች ፍለጋ፣ የተሰበረ መንኮራኩር ሲመጣ ስንቁ እንዴት እንደሚያጥር ከዚህ ታየዋለህ። ስለዚህ ነው በየማስታወሻ ደብተሩ ላይ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ከጸሎቱ በላይ የበዛው።

ጭነቱንም ደምር። ስንቁ ብቻ 560 ኪሎ አካባቢ ነው። ለአንድ አዋቂ የተፈቀደው ጓዝ 45 ኪሎ፤ ዐሥር አዋቂ ቢሆኑ 450። አንድ ቶን ሞላ! ታዲያ ሰው የት ይቀመጣል? አይቀመጥም። ሠረገላ ላይ ወጥቶ የሚሄደው የታመመ፣ የወለደችና ሕፃን ነው፤ ሌላው በእግሩ። ሥዕሎቹ ላይ ሴትዮዋ ከፊት ተቀምጣ በሬ ስትነዳ ካየህ አትቅዳው። በሬ ነጂም ልጓም የለውም፤ ከግራው በሬ ጎን፣ በግራ በኩል፣ አለንጋ ይዞ በእግሩ እየሄደ በድምፅ ነው የሚያዘው። «ጂ» ሲባሉ ወደ ቀኝ፣ «ሆ» ሲባሉ ወደ ግራ ይታጠፋሉ። ከመሬት በታች ያደገ ቆፋሪ ይህን የሚማረው መነሻው ሰፈር ላይ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሠረገላ የሚገለበጠው ቁልቁለት ላይ በሬዎቹ ሲያመልጡት ነው፤ የኋላ መንኮራኩሩን በሰንሰለት ማሰር ነበረበት።

መንኮራኩሩ የሚበላሽበት ምክንያት ደረቁ አየር ነው። ከነብራስካ ወደ ዋዮሚንግ ሲጠጉ እንጨቱ ይኮማተራል፤ ዙሪያውን የያዘው የብረት ቀለበት ይላላና እየሄደ ይወልቃል። መፍትሔው ማታ መንኮራኩሩን አውልቆ ወንዝ ውስጥ መንከር፣ ወይም በእንጨቱና በብረቱ መካከል ሽብልቅ መምታት ነው። ሽብልቁ በማግሥቱ ይወድቃል፤ እንደገና ይመታል። ለዘንጉ ዝፍትና ሞራ የተደባለቀበት ባልዲ ከሠረገላው ኋላ ይንጠለጠላል።

ዋዮሚንግ ውስጥ ሁለት ነገር ጥቀስ። አንዱ ሜዳው ላይ የሚያቁረው የአልካሊ ውሃ ነው፤ በሬ ከጠጣው ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። ተጓዦች የአሳማ ስብና ኮምጣጤ በጉሮሮው ይከቱለት ነበር። ከላይ ያለው ጋሎን ኮምጣጤ ለምግብ ብቻ አልነበረም። ያው ጨዋማ ኩሬ ሲደርቅ ዳሩ ላይ የሚቀረውን ነጭ ሶዳ ግን ሴቶቹ እየፋቁ ለዳቦ ማንሻ ይወስዱታል። ሌላው ማገዶ ነው። ዛፍ በሌለበት የጎሽ ኩበት ይለቅማሉ፤ ደረቅ ከሆነ ጥሩ ይነዳል፣ ዝናብ ከመታው ግን አይያያዝም፤ ያን ማታ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው።

ዳና ፈላጊ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የ1860ውን ገጽ ምስል አገኘሁት። ትልልቆቹ ሁለት ልጆች ስኮትላንድ፣ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ሚዙሪ፣ አንድ የ2 ዓመት ልጅ ሚዙሪ፣ የ4 ወር ሕፃን ዩታ። የሁለቱ ሴቶች የትውልድ ቦታ ስኮትላንድ ነው፤ አንደኛዋ ከመርከቡ ዝርዝር የማውቃት ሚስቱ ናት፣ ሌላዋ በ20ዎቹ ውስጥ ያለች፣ የቤተሰብ ስሟ ከሱ የተለየ። እንግዲህ ሁለተኛ ሚስቱ ይህች ናት ማለት ነው?

ሚዛን

ከዓመቱ ልጀምር። በጁን 1 ቀን 1860 የ2 ዓመት የነበረ ልጅ የተወለደው በጁን 1857 እና በጁን 1858 መካከል ነው፣ ያውም ሚዙሪ ውስጥ። የዊሊ ሰዎች ሶልት ሌክ የገቡት በኖቬምበር 9 ቀን 1856። መጽሐፏ በራሷ ቤተሰብ ልጅ ወደቀች። የ1857 ቅፍለቶችም በበጋው መጀመሪያ ተነሥተው ስለነበር አይመቹም። 1858 የፌዴራሉ ጦር ወደ ዩታ የዘመተበት ወቅት ነው፤ ፍልሰቱ ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል። ሕፃኑ ዩታ የተወለደው በ1860 መጀመሪያ ነው። የቀረው 1859 ነው።

እዚህ ላይ ግን ከገጽ_ገላጭ ጋር በጥቂቱ እለያለሁ። የእጅ ጋሪውን ጨርሰህ ከማውጣትህ በፊት የ1859ኙን የሮውሊ ቅፍለት ስም ዝርዝር እይ። ጁን 9 ከፍሎረንስ ተነሥቶ ሴፕቴምበር 4 የገባ፣ ከ200 የሚበልጥ ሰው ያለበት የእጅ ጋሪ ቅፍለት ነው። አብዛኞቹ በዚያው ኤፕሪል ከሊቨርፑል በ«ዊሊያም ታፕስኮት» የመጡ ስለሆኑ ያንተ ሰው ይገኛል ብዬ አልጠብቅም፤ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመ ሰው በሬ ይገዛል። ቢሆንም ትውፊት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ነገሩን ሳይሆን ስሙን ነው። «ጋሪ ጎትቷል» የሚለው እውነት ሆኖ «ዊሊ» የሚለው በኋላ የታወቀ ስም ስለሆነ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል።

ለማነጻጸር ያህል የ1856ቱ ጋሪ ምን እንደነበር ልንገርህ፣ ምክንያቱም መጽሐፏ ውስጥ ያለው ገለጻ ከዚያ የተቀዳ ይመስለኛል። በ1855 አንበጣ የዩታን እህል ስለበላው ለድሃ ተጓዦች የሚያበድረው የቤተ ክርስቲያኗ የፍልሰት ፈንድ ባዶ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት ብሪገም ያንግ ርካሹን መንገድ መረጠ። ከሊቨርፑል ጀምሮ በአንድ ሰው 9 ፓውንድ ስተርሊንግ። ለአምስት ሰው አንድ ጋሪ፣ ለ20 ሰው አንድ ድንኳን፣ ለአንድ ሰው 17 ፓውንድ ጓዝ ማለትም ወደ 8 ኪሎ፤ ብርድ ልብስና ልብሱ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። የኋለኞቹ ጋሪዎች በችኮላ፣ ካልደረቀ እንጨት ተሠሩ። ዘንጉ ብረት ያልለበሰ እንጨት ነበር፤ አሸዋው ገብቶ ይፈጨዋል። ሥጋቸውን ከድርሻቸው ቀንሰው በስቡ ይቀቡታል፤ ስቡ ደግሞ ተጨማሪ አሸዋ ይይዛል። የጫማ ቆዳ ቆርጠው የጠቀለሉበትም አሉ። ዊሊ ከፍሎረንስ ሲነሣ ሠረገሎቹ ስለማይችሉት በየጋሪው ላይ አንድ የ98 ፓውንድ ዱቄት ጆንያ ተጨመረ። ከኋላው የነበረው የማርቲን ቅፍለት በኦክቶበር አጋማሽ በሬዎቹ ስለደከሙ የአዋቂውን ጓዝ ወደ 10 ፓውንድ አወረደ፤ የተረፈው ብርድ ልብስና ልብስ ተቃጠለ። በረዶው የወረደው ኦክቶበር 19 ነው። ከሁለቱ ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

ከመጀመሪያዎቹ ቅፍለቶች አንዱ የማካርተር ነው፤ ስኮትላንዳውያን የበዙበት፣ ሴፕቴምበር 26 በሰላም የገባ። ያው ዓመት፣ ያው መንገድ፤ ልዩነቱ የተነሡበት ቀን ነው።

ስለ ሴትዮዋ አትቸኩል። የ1860ው ቆጠራ ከቤቱ አባወራ ጋር ያለ ዝምድና የሚጻፍበት ዓምድ የለውም፤ እሱ የመጣው በ1880 ነው። የተለየ የቤተሰብ ስም ደግሞ ወደ ሌላም ይመራል። እህት፣ የሚስት እህት፣ መንገድ ላይ ባሏ የሞተባት፣ ለእንጀራ የተጠጋች ልጅ ልትሆን ትችላለች። ከአንድ በላይ ማግባት በአደባባይ የታወጀው በ1852 ስለሆነ ሚስትነቷ የማይሆን አይደለም። ለማረጋገጥ የጋብቻ ማሰሪያ መዝገቡን፣ በተለይ በ1855 ሶልት ሌክ የተከፈተውን የኤንዳውመንት ሃውስ (ይህ ሥርዓት የሚፈጸምበት ሕንፃ) መዝገብ እይ። ከዚያ በ1870 እና በ1880 የት እንዳለች፣ ልጆቿ በማን ስም እንደሚጠሩ። ከ1882ቱ የፌዴራል ሕግ በኋላ ሰዎች እስር ፈርተው ሚስትን መበለት ወይም ዘመድ ያስብሉ ነበር፤ የዚያን ዘመን ጽሑፍ በጥርጣሬ አንብበው።

«ኤጲስ ቆጶሱ አጋባው» የሚለውም ከሥርዓቱ ጋር አይገጥምም። ተጨማሪ ጋብቻ የሚፈቀደው ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት ነበር፤ የመንደሩ ኃላፊ ቢበዛ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል።

ወደ አማርኛው ስትመጣ፣ ጭንቀትህ ትክክል ነው። «ኤጲስ ቆጶስ» ብለህ ብቻ ከተውከው አንባቢህ ቆብ የደፋ መነኩሴ ነው የሚታየው። የነሱ ቢሾፕ ባለ ሚስት፣ ደመወዝ የሌለው፣ ቀን በእርሻው የሚውል፣ ጥቂት መቶ ሰው ያለበትን አጥቢያ የሚመራ ጎረቤት ነው። እኔ «ቢሾፕ» ብዬ አስቀምጬ መጀመሪያ ሲመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አብራራው ነበር። «ኤልደር»ም ሽማግሌ አይደለም፤ የክህነት ደረጃ ስም ነው፣ የ20 ዓመት ወጣት ሊይዘው ይችላል። «ቅዱሳን» ሲሉ ተራ አባላትን ነው። የጥምቀት መዝገቡ ላይ «የግላስጎው ኮንፈረንስ» ካየህ ስብሰባ እንዳይመስልህ፤ ብዙ ቅርንጫፎችን የያዘ የአስተዳደር ክልል ነው። አሥራት የሚለው ቃል ብቻ ነው ሳይንገዳገድ የሚያልፈው። ያኔም ቢሆን የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በእንቁላል፣ በድርቆሽ፣ በቅቤ፣ ምንም የሌለው ደግሞ ከዐሥር ቀን አንዱን በጉልበቱ ነበር።

ቀንበር

አንድ የረሳሁት፦ ከ1861 በኋላ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ይለወጣል። ከዚያ ዓመት እስከ 1868 ሠረገላዎች ከዩታ እየወረዱ ሰው ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ብዙው ሰው በሬ መግዛት አላስፈለገውም። ያንተ ሰው ግን በ1859 ስለገባ ሠረገላውን ራሱ ገዝቷል ወይም ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋርቷል።

ዳና ፈላጊ

በብድር መጥቶ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ? መሬቱስ?

ገጽ_ገላጭ

ሚዛን ስለ ሮውሊ ያለው ልክ ነው፤ ያንን ዝርዝር ሳላይ ይውጣ ማለቴ ችኮላ ነው።

ብድሩ የሚገኘው «ፐርፔችዋል ኢሚግሬቲንግ ፈንድ» መዝገብ ውስጥ ነው። በ1849 የተቋቋመ ተዘዋዋሪ ብድር ነው፤ ዛሬ የመጣው ሲከፍል ነገ የሚመጣው ይሳፈርበታል። ተበዳሪው ሲነሣ የሚፈርመው ውል ሶልት ሌክ ሸለቆ ደርሶ ዕዳውን እስኪጨርስ ድረስ ጊዜውንና ጉልበቱን ለድርጅቱ እንደሚያውል፣ ከተጠየቀም ወለድ እንደሚከፍል ይላል። ክፍያው እንደ አሥራቱ ነው፤ ስንዴ፣ ከብት፣ የጉልበት ቀን። ብዙው አልተከፈለም። ከ1850 እስከ 1877 የተበደሩና ያልጨረሱ ሰዎች ከነዋሶቻቸው የተዘረዘሩበት ጥራዝ ታትሟል፤ ስሙን እዚያ ፈልግ። እዚያ ከሌለ አልተበደረም ማለት አይደለም፤ ከፍሎ ጨርሶም ይሆናል። በ1880 የቤተ ክርስቲያኗ ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር መክፈል ያልቻሉ ድሆች ዕዳ ተሰረዘ፤ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ነበር። ፈንዱን በ1887 ኮንግረስ አፈረሰው።

ለመሬቱ፣ መጀመሪያ የመንደሩን ስም አስተካክል። ዌልስቪል በ1856 ሲቆረቆር ሞን ፎርት ነበር የሚባለው፤ በ1858 ጦሩ ሲመጣ ነዋሪው ለቅቆ ወደ ደቡብ ወረደ፣ በ1859 ተመለሰ፣ ስሙም ያን ጊዜ ተለወጠ። ያንተ ሰው የደረሰው ሰዉ ገና እየተመለሰ ቦታ ሲከፋፈል ነው። ለከሰል ቆፋሪ እርሻ ያዘ ማለት ሞያ ለወጠ ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሚያገኘው ቦዩን ሲቆፍሩ በሠራው ቀን ልክ ስለሆነ አካፋና ዶማ ማወቁ ጠቅሞታል።

«ቢሾፑ መሬት ሰጠው» የሚለው ለ1859 ትክክለኛ አነጋገር ነው፤ ግን የመሬት ሰነድ አትፈልግ፣ የለም። ፌዴራል መንግሥት ዩታ ውስጥ የመሬት ጽሕፈት ቤት የከፈተው በ1869 ነው። እስከዚያ ያለው የመንደር ክፍፍል በሕግ ፊት ባዶ ይዞታ ነበር። ከ1869 በኋላ ሰፍሮ ለሚያርስ ሰው 160 ኤከር የመንግሥት መሬት የሚሰጠውን የሆምስቴድ ሕግ ማመልከቻ ፈልግ። ከተገኘ አንድ ወፍራም ማኅደር ነው፤ ዜግነት ያገኘበት ቀንና ፍርድ ቤት፣ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ስንት ኤከር እንዳረሰ፣ የሁለት ጎረቤት ምስክርነት። ሚስቲቱ የራሷ የዜግነት ወረቀት አይኖራትም፤ በ1855 ሕግ የባሏ ዜግነት ያልፍላታል።

ማኅደሩ በሱ ስም ባይኖር ሌላ አንድ ነገር አለ። መሬቱ ቀድሞ በትንንሹ ተከፋፍሎ ስለነበር ለ160 ኤከር አንድ ጎረቤት ብቻ ያመለክትና ማረጋገጫው ሲወጣ ለየባለይዞታው ቁራሹን መልሶ ይሸጥለት ነበር፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ዶላር ወይም በትንሽ ገንዘብ። ስለዚህ ዌልስቪል ያለበትን የካሽ ካውንቲን የውል መዝገብ በ1870ዎቹ ውስጥ በገዢ ስም ተራ ክፈት። የሻጩ ስም ከ1860ው ገጽ ላይ ከሱ በላይ ወይም በታች ከተመዘገቡት ቤቶች አንዱ ሆኖ ካገኘኸው፣ ሰውየህን ይዘኸዋል።